«አንድ መስመር ይበቃል» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሶፍትዌር ፓኬጅ ማከማቻዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፓኬጅ ማለት ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ማንም ጭኖ ሊጠቀምበት የሚችል ኮድ ነው። እንደ ፓይፒአይ (የፓይተን)፣ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት) እና ክሬትስ (የረስት) ያሉ ማከማቻዎች በእያንዳንዱ ፓኬጅ ገጽ ላይ የመጫኛ መመሪያ ያስቀምጣሉ። ይህ መመሪያ ይሻሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ደግሞ «አትንኩት» ባይ ናቸው።

ክርክራቸውን ባጭሩ ላስቀምጠው። አንድ መስመር ኮማንድ ይበቃል፤ ሌላው ገጽ ማጨናነቅ ነው። እሱ ያልገባው ሰው መጀመሪያ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ይማር። ዝርዝሩን መጻፍ የፓኬጁ ባለቤት ሥራ እንጂ የማከማቻው አይደለም። ለየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ታብ መደርደር ሰው ከማደናገር ሌላ አይፈይድም። የደህንነት ማስጠንቀቂያ ማንም አያነብም። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ኤአይን ስለሆነ ገጹ ላይ ጊዜ ማጥፋት ትርፉ ድካም ነው። ደግሞስ ማን ይሠራዋል? ማከማቻዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። አንዱ ነጥባቸው ላይ እኔም እስማማለሁ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የቀሩት ግን አላሳመኑኝም።

«አንድ መስመር ይበቃል»

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ። ሌሎቹ ነጥቦች የተንጠለጠሉት በዚህኛው ላይ ነው።

የፓይፒአይን ገጽ እንውሰድ። ከላይ የፓኬጁ ስም አለ። ከሥሩ «ፒፕ ኢንስቶል» የሚል ኮማንድ ከነፓኬጁ ስም ተቀምጧል፤ ፒፕ የፓይተን ፓኬጆች መጫኛ ነው። አጠገቡ ኮፒ ማድረጊያ ምልክት አለ። በቃ። ለለመደ ሰው ግሩም ነው። ግን ይህ መስመር የት ነው የሚጻፈው? ገጹ አይናገርም።

አንድ ጀማሪ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ፓይተንን ገና አሁን ጭኗል። ከፈተው። ጥቁር መስኮት መጣ፤ ሦስት የ«ይበልጣል» ምልክቶች ተደርድረው ይጠብቁታል። መስመሩን ኮፒ አደረገ፣ እዚያው ፔስት አደረገው፣ ኢንተር ነካ። የመጣለት መልስ «ሲንታክስ ኤረር» ነው። ምን ያስባል? ኮማንዱ ተሳስቷል ይላል። ወይም ፊደል የገደፈ መስሎት እንደገና ይሞክራል። ጥፋቱ ግን ኮማንዱም ፊደሉም ላይ አይደለም። ፒፕ የሚሠራው በሲስተሙ ተርሚናል ነው፤ በፓይተን መስኮት ውስጥ አይደለም። ፓይተን ያንን መስመር እንደ ራሱ ኮድ አድርጎ ሊያነበው ይሞክራል፤ ስለማይገጥምለት ይጮኻል። ፕሮግራሚንግ ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ስህተት በደንብ ያውቀዋል። ከመስመሩ በላይ «በተርሚናል ውስጥ ይጻፉ» የሚል ቢኖር ኖሮ አብዛኛው ሰው ይተርፍ ነበር። ሦስት ቃላት ናቸው። ሦስት ቃላት ገጽ ያጨናንቃሉ?

ሌላም አለ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን መገኘቱ የተለመደ ነው። አንዱ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣ፣ አንዱ ከድረ ገጽ የወረደ፣ አንዱ አናኮንዳ ከሚባለው የፓይተን ጥቅል ጋር የገባ። «ፒፕ» የሚለው ስም የሚጠራው የአንደኛውን ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ኮዱን የሚያስኬደው በሌላኛው ነው። መጫኑ ያለ ምንም ችግር ያልቃል። «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» የሚል መልእክት ይመጣል። ኮዱን ሲያስኬደው ግን «ይህ ስም ያለው ሞጁል የለም» ይለዋል። እንደገና ይጭናል። «ቀድሞ ተጭኗል» ይባላል። እንደገና ያስኬዳል። የለም! ከዚያ ፓኬጁን ማጥፋት፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ፣ ፓይተንን ነቅሎ እንደ አዲስ መትከል ይከተላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ፒፕን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ ኮዱን በሚያስኬደው ፓይተን በኩል መጥራት፦ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል»። እንዲህ ሲሆን የሚጫነውና የሚያስኬደው አንድ ፓይተን ይሆናል። የፓይተን ማኅበረሰብ ራሱ ያዘጋጀው የፓኬጅ መመሪያ ይህንኑ አጻጻፍ ነው የሚያስተምረው። ለዊንዶውስ አንድ፣ ለሊኑክስና ለማክ አንድ አድርጎ ለይቶ አስቀምጦታል። ሰው መመሪያውን ሳይሆን የፓኬጁን ገጽ ነው የሚከፍተው። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ አጭሩን ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ቴንሰርፍሎው የሚባለው የማሽን ለርኒንግ ፓኬጅ ዓይነቱ ነው። አዲስ የፓይተን ቨርዥን በወጣ ቁጥር ቴንሰርፍሎው እሱን እስኪደግፍ ጊዜ ይወስዳል። ፓይፒአይ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ አስቀድመው ተገንብተው ያለቁ ፋይሎችን ብቻ ነው፤ ፒፕ አውርዶ ራሱ የሚገነባው ሶርስ ኮድ እዚያ የለም። እንግዲህ አዲሱን ፓይተን የጫነ ሰው ገጹ ላይ ያለውን መስመር አንድ ፊደል ሳይስት ይጽፋል። ፒፕ እንዲህ ይለዋል፦ የሚስማማ ቨርዥን አላገኘሁም፤ ካሉት ቨርዥኖች፣ ምንም። ይህን ያነበበ ሰው «ፓኬጁ የለም ማለት ነው» ብሎ ቢደመድም ይፈረድበታል? ፓኬጁ እኮ ፊቱ ተከፍቶ ይታየዋል! ትክክለኛው መልስ «ፓይተንህ አዲስ ነው፣ አንድ ቨርዥን ወደ ኋላ ተመለስ» ነበር። የሚያናድደው ነገር መልሱ እዚያው ገጽ ላይ መኖሩ ነው። የትኞቹን ፓይተኖች እንደሚደግፍ ከጎን ባለው ዝርዝር፣ ከፈቃዱና ከባለቤቱ ስም ጋር ተደባልቆ ተጽፏል። የፋይሎቹን ስም ማንበብ የሚችል ሰውም ከዚያ ያገኘዋል። ኮማንዱ ካለበት ሳጥን ግን ርቋል። ማንም ሰው ከመጫኑ በፊት እዚያ ድረስ ወርዶ አያነብም።

ስለዚህ «ይበቃል» የሚለው ቃል ላይ ነው የማልስማማው። መስመሩ የሚበቃው ሌላው ሁሉ ቀድሞ ለተስተካከለለት ሰው ነው።

«ያልገባው ተርሚናል ይማር»

ጸሐፊው ችግሩን የጀማሪ ችግር አድርገው ነው የሚያዩት። እስቲ የጀማሪውን ነገር እንተወውና በሊኑክስ ጥርሱን የነቀለውን ሰው እንይ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዴቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ወጣ። ኡቡንቱ 23.04 ከሱ ጥቂት ቀድሞ ነበር። ሁለቱም ፔፕ 668 የተባለውን የፓይተን ደንብ ተግባራዊ አድርገዋል። ደንቡ ምክንያት አለው። በእነዚህ ሲስተሞች ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ለአንዳንድ ሥራዎቹ ፓይተንን ይጠቀማል። አንድ ሰው በፒፕ የሆነ ፓኬጅ ሲቀይርበት ሲስተሙ ሊናጋ ይችላል። ስለዚህ ፒፕ ከእንግዲህ በሲስተሙ ፓይተን ላይ እንዳይጭን ተከለከለ። ውጤቱስ? ለዓመታት ሲሠራ የነበረው ያው መስመር አንድ ቀን ድንገት በረጅም የኤረር መልእክት ተመለሰ። ተርሚናል በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ «ምን ነካው?» ብለው ሲጠይቁ የነበሩት።

መልእክቱ ለክፉ አይሰጥም። በሲስተሙ መጫኛ በአፕት ጫን፣ ወይም ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠር፣ ወይም ፕሮግራሞችን ለየብቻ የሚጭነውን ፒፕኤክስን ተጠቀም ብሎ ይመክራል። ቸኩሎ ጎግል ያደረገ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሌላ ነው። ክልከላውን በግድ የሚያልፈውን ፍላግ (ኮማንዱ ላይ የሚጨመር ምርጫ) ጨምርና እለፈው የሚል ነው። ደንቡ የወጣበትን ጉዳት በገዛ እጁ ያመጣል ማለት ነው። የፓኬጁ ገጽ በሳጥኑ ሥር ይህን ወደሚያብራራው የፓይተን የፓኬጅ መመሪያ ሊንክ ቢሰጥ ኖሮ ሰው ወደዚያ አቋራጭ ባልሄደ ነበር።

ከዚህ ሌላ፣ ፓኬጅ የሚጭን ሁሉ ፕሮግራመር አይደለም። የአር ቋንቋን ተመልከቱ። ተጠቃሚዎቹ በብዛት የስታቲስቲክስ፣ የባዮሎጂ፣ የጤና ተመራማሪዎች ናቸው። ሥራቸው ዳታ መተንተን ነው። የተርሚናል ባለሙያ እንዲሆኑ የሚጠብቅባቸው የለም።

የባዮኢንፎርማቲክስ ፓኬጆች የሚገኙበት ባዮኮንዳክተር ይህን ቀድሞ ገብቶታል። እያንዳንዱ የፓኬጅ ገጽ ላይ ያለው መመሪያ መጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው፦ ባዮክማኔጀር የተባለው መጫኛ አለህ? ከሌለህ እሱን ልጫን፤ ከዚያ ፓኬጁን እጭናለሁ። ጥያቄው የቀረበው ለሰውየው አይደለም፤ ኮዱ ራሱ ይፈትሻል። ሰውየው ኮፒ አድርጎ ወደ አር መስኮት ፔስት ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የቆየ የአር ቨርዥን ላላቸው ደግሞ ወደ ተስማሚው የባዮኮንዳክተር ቨርዥን ሂዱ የሚል ማሳሰቢያ አለው። አንድ መስመር አይደለም። ሁለት ሦስት መስመር ነው። ሰው ተጨናነቀብኝ ሲል አልሰማሁም። ዋናው የአር ማከማቻ ክራን በተቃራኒው በፓኬጁ ገጽ ላይ የመጫኛ ኮማንድ የሚባል ነገር አያስቀምጥም። ለዊንዶውስና ለማክ የሚወርዱ ፋይሎችን ይደረድራል። አዲስ ሰው ያንን ሲያይ ዚፑን አውርዶ ከፍቶ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። አር ውስጥ ሆኖ በአንድ ትእዛዝ መጫን እንደሚችል ማን ይንገረው? በጸሐፊው አስተያየት ከሄድን ክራን ከሁሉም የተሻለ ገጽ አለው ማለት ነው። ምንም አያጨናንቅማ!

«ዝርዝሩ የባለቤቱ ሥራ ነው»

ይህኛው ነጥብ ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። ፓኬጁን የሠራው ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሪድሚው (ከፓኬጁ ጋር የሚመጣው መግለጫ) ውስጥ ይጻፈው፣ ማከማቻው ምን አገባው ነው ነገሩ።

ችግሩ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይለሩም፣ ላይብረሪዎቹም፣ ፓይተኑም ከተስተካከሉ ቆይተዋል። ምን እንደሚጎድል አይታየውም። ስለዚህ ሪድሚው ላይ የሚጽፈው ያንኑ መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፊቱ የዶላር ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱ የተርሚናሉ መቀበያ ነው፤ የኮማንዱ አካል አይደለም። አዲሱ ሰው ግን አብሮ ኮፒ ያደርገዋል። ተርሚናሉም «ዶላር የሚባል ኮማንድ አላውቅም» ይለዋል። ማከማቻው ይህን ከራሱ በኩል ማስተካከል ይችላል። ሪድሚውን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይረው እሱ ስለሆነ ምልክቱ እየታየ ኮፒ እንዳይደረግ ማድረግ ቀላል ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶችን እየዞሩ ከመለመን ይሻላል።

ሌላው ጸሐፊው ያላነሱት ነገር ሪድሚ በቀላሉ የማይታረም መሆኑ ነው። ፓይፒአይ ላይ የፓኬጁ መግለጫ ከቨርዥኑ ጋር አብሮ ነው የሚገባው። ስህተት ተገኘበት እንበል። ለማረም አዲስ ቨርዥን ማውጣት ግድ ነው። ኤንፒኤምም ላይ ያው ነው፤ ገጹ ላይ የሚታየው ሪድሚ የሚለወጠው አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ነው። ባለቤቱ ሥራውን ትቶ ከሄደ ደግሞ የተሳሳተው መመሪያ እንደ ሐውልት ቆሞ ይቀራል።

ማስረጃ ከተፈለገ የኤንፒኤምን ሪድሚዎች አንብቡ። ድሮ አንድ ፓኬጅ በፕሮጀክቱ ዝርዝር ውስጥ እንዲመዘገብ «ሴቭ» የሚል ፍላግ መጨመር ነበረበት። ኤንፒኤም የሚባለው መጫኛ ራሱ ከቨርዥን 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 ወዲህ፣ ሳይጠየቅ ይመዘግባል። ያንን ፍላግ አሁንም የሚያዝዙ ገጾች ሞልተዋል። ይህ እንኳ ጉዳት የለውም። ባዮኮንዳክተር ላይ የሆነው ግን ከዚህ ይከፋል። እስከ 2018 ድረስ የሚጫነው «ባዮክላይት» በሚባል ስክሪፕት ነበር። በዚያ ዓመት በባዮክማኔጀር ተተካ። ማከማቻው የራሱን ገጾች በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀየረ። በየጽሑፉና በየሪድሚው የቀረው አሮጌ መመሪያ ግን እስከ ዛሬ ሰው ያደናግራል። ማከማቻው በያዘውና ባለቤቶች በያዙት መመሪያ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አንዱ በአንድ ቀን ይታረማል፤ ሌላው አይታረምም።

ደግሞም ማከማቻዎቹ ሳጥኑን የሚሞሉት ሜታዳታ (ስለ ፓኬጁ የተመዘገበ መረጃ) አንብበው ነው። የቆየ ቨርዥን ገጽ ብትከፍቱ ፓይፒአይ ኮማንዱን ቀይሮ የዚያን ቨርዥን ቁጥር ይጨምርበታል። የረስት ቋንቋ ማከማቻ ክሬትስ ደግሞ ይበልጣል። ፓኬጁ በሌላ ፕሮጀክት ውስጥ የሚገባ ላይብረሪ ከሆነ «ካርጎ አድ» የሚለውን ያሳያል (ካርጎ የረስት መጫኛ ነው)፤ በፋይል ውስጥ በእጅ መጻፍ ለሚፈልግም መስመሩን ይሰጠዋል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ግን «ካርጎ ኢንስቶል» ይላል። «ካርጎ አድ» ከረስት ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው በ2022 በወጣው 1.62 ነው። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ቢጠበቁ ኖሮ ግማሹ ገጽ ገና አልተቀየረም ነበር። እና አንድ ጥሩ ነገር ልብ በሉ። ክሬትስ ኮማንዱን ከማሳየቱ በፊት «በፕሮጀክትህ ፎልደር ውስጥ ሆነህ ይህን አስኪድ» ይላል። ከላይ የጠየቅኳቸው ሦስት ቃላት ማለት እኮ እነዚህ ናቸው።

«ታብ መደርደር ማደናገር ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የዶትኔት (የማይክሮሶፍት ፕሮግራሚንግ መድረክ) ማከማቻ የሆነውን ኑጌትን ያየ ሰው ያውቀዋል። ለአንዱ ፓኬጅ የመጫኛ ታቦች ተርታ ተደርድረዋል። የኮማንድ ላይኑ፣ የቪዥዋል ስቱዲዮው፣ በፋይል የሚጻፈው፣ ፓኬት ለሚባለው መሣሪያ የሚሆነው፣ ሌላም ሌላም። የሚያውቅ ሰው የራሱን መርጦ ይሄዳል። የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ያ ትክክል ከሆነለት ዕድለኛ ነው። የታቦቹ ስም የመሣሪያ ስም ብቻ ስለሆነ መሣሪያውን ለማያውቅ ሰው አይረዳም።

ግን ታብ መብዛቱ መጥፎ ስለሆነ ምንም አይጨመር ማለት አይቻልም። የፐርል ሞጁሎችን የሚያሳየው ሜታሲፓን መሃል መንገድ አግኝቷል። ገጹ ላይ አንዲት «የመጫኛ መመሪያ» የምትል ሊንክ አለች። ስትነኳት ሁለት አማራጭ ይመጣል፤ አንዱ ሲፓንኤም በሚባለው መጫኛ፣ ሌላው በሲፓን ሼል። ከሥራቸው ሙሉ መመሪያ ለሚፈልግ ሊንክ አለ። የሚያውቀውን አይረብሽም፣ የማያውቀውን አይጥልም። ብራውዘሩ የምትጠቀሙበትን ሲስተም አውቆ አንዱን ብቻ ያሳይ የሚሉም አሉ። ይህኛው ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ብዙ ሰው በዊንዶውስ ላፕቶፕ እያነበበ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው የሚጭነው።

«ማስጠንቀቂያ ማንም አያነብም»

እውነት ነው፣ ረጅም ማስጠንቀቂያ አይነበብም። እኔም ማስጠንቀቂያ ይጨመር አላልኩም። የመጫኛ ሳጥኑ በራሱ የደህንነት ሥራ ይሠራል ነው የምለው። ጸሐፊው ይህን ጨርሰው አላዩትም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በ2017 ኤንፒኤም ላይ «ክሮስኤንቭ» የሚባል ፓኬጅ ተገኘ። ትክክለኛው ስም በመሃሉ ሰረዝ አለው። ሰረዟን የረሳ ሰው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ወጥመድ ነበር የሚጭነው፤ ወጥመዱም በኮምፒውተሩ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ለፕሮግራሞች የሚቀመጥ መረጃ) ውስጥ ያሉ ሚስጥሮችን ይሰርቅ ነበር። በታኅሣሥ 2019 ፓይፒአይ ላይ የተገኘው ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። «ጄሊፊሽ» የሚባል የታወቀ ፓኬጅ አለ። አጭበርባሪው ከእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ከሁለቱ ትንንሽ ኤሎች የመጀመሪያዋን በትልቁ አይ ተካት። በብዙ ፎንት ሁለቱ ፊደላት አይለዩም። አንድ ዓመት ገደማ ሳይነቃበት ቆይቶ የኤስኤስኤች ቁልፎችን (ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ የሆኑ ፋይሎችን) ሲለቅም ተገኘ።

ስም በእጅ መተየብ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከትክክለኛው ገጽ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ቢያንስ ከፊደል ግድፈት ይድናል። ሳጥኑ በሚገባ ከተሠራ ሰው መተየቡን ይተዋል። ካልሠራለት ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል፤ በትዝታው ይጽፋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። በፓይተን የሚጫንበት ስምና ኮድ ውስጥ የሚጠራበት ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። «ፒሎው»ን ጭነህ «ፒአይኤል» ብለህ ትጠራዋለህ። «ኦፕንሲቪ-ፓይተን»ን ጭነህ «ሲቪ2» ትለዋለህ። «ሳይኪት-ለርን» ደግሞ ኮድ ውስጥ «ኤስኬለርን» ነው። ሰው ኮድ ላይ ያየውን ስም ይዞ ልጫን ይላል። ለዚህ ሲባል የሳይኪት-ለርን ሰዎች «ኤስኬለርን» የሚለውን ስም ራሳቸው ያዙትና ወደ ዋናው ፓኬጅ እንዲመራ አደረጉት። ኋላ ላይ ይህ አሠራር ይብቃ አሉ። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ አልፎ አልፎ ኤረር እንዲሰጥ አደረጉ፤ ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ሁልጊዜ ኤረር ይሰጣል። እነሱ ቀድመው ስሙን ባይይዙት ኖሮ ማን ይይዘው እንደነበር መገመት አያቅትም። ሳጥኑ ሥር «በኮድ ውስጥ የሚጠራው በዚህ ስም ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ይህ ሁሉ ግራ መጋባት ይቀንስ ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ኤንፒኤም ልመለስ። «ሪኩዌስት» የተባለው እጅግ ታዋቂ ፓኬጅ በየካቲት 2020 ከአገልግሎት ውጭ ነው ተብሎ ታውጇል። ገጹን ስትከፍቱ ከላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ከጎን ደግሞ የመጫኛው ሳጥን ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ኮማንድ ያቀርባል። አንድ ገጽ፣ ሁለት ምክር። ማስጠንቀቂያው አይነበብም ካልን፣ ሰው በእርግጥ የሚያነበው ሳጥኑ ከሆነ፣ መልእክቱ መግባት ያለበት ሳጥኑ ውስጥ ነዋ!

«ሰው ኤአይ ነው የሚጠይቀው»

ይህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኤአዩ ኮማንዱን የተማረው ከየት ነው? ከእነዚሁ ገጾችና ከላይ ካነሳኋቸው ያረጁ ሪድሚዎች ነው። ስለዚህ በየጊዜው ባዮክላይትን ቢመክር አይገርምም። ከዚህ የባሰው፣ አንዳንዴ ጨርሶ የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥሮ ይሰጣል። ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ የሚጠብቅ አጭበርባሪ ካለ ውጤቱ ከክሮስኤንቭ አይለይም። ኤአይ የጠየቀ ሰው ስሙ እውነት መሆኑን የሚያጣራው የፓኬጁን ገጽ ከፍቶ ነው። ኤአይ ሲበዛ ገጹ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«ማን ይሠራዋል?»

ማከማቻዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ልክ ነው። ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። እኔም ዛሬ ነገ ሁሉም ይቀየር የሚል ጥያቄ የለኝም።

ግን ሥራው ጸሐፊው እንዳስፈሩን አይደለም። ፓይፒአይ ላይ ከ500,000 በላይ ፕሮጀክቶች አሉ። የመጫኛው ሳጥን ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከአንድ ቴምፕሌት ይወጣል። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ዌርሃውስ ይባላል፤ ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ማሻሻያ ሊልክበት ይችላል። ከባዱ ሥራ ኮዱ አይደለም። ከባዱ ምን ይጻፍ የሚለው ነው፤ እሱ ላይ ክርክር ይኖራል፤ ይኑርም። ለምሳሌ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንትን ሳጥኑ ውስጥ እናስገባ ብንል እንደ ኮንዳ፣ ዩቪ፣ ፖየትሪ ያሉ ሌሎች የፓይተን መሣሪያዎችን የሚጠቀሙት ሁሉ የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ያኔ የኑጌት ታቦች መጡ ማለት ነው። ስለዚህ እሱን ለጊዜው ባንነካው እመርጣለሁ።

ማንም የማይከራከርባቸው ግን አሉ። የፓይተን ቨርዥኑ ከጎን ዝርዝር ወጥቶ ከኮማንዱ ሥር ይቀመጥ፤ ዳታው አለ፣ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው። ኮማንዱ የት እንደሚጻፍ ይነገር። ከሥሩ ወደ ፓይተን የፓኬጅ መመሪያ የምትወስድ አንዲት ሊንክ ትግባ፣ ሜታሲፓን እንዳደረገው። መመሪያው ተጽፎ ያለቀ ነው፤ በየጊዜው የሚያድሱት ሰዎችም አሉት። በኮድ ውስጥ የሚጠራበት ስም ትንሽ ይከብዳል፤ በሁሉም ፓኬጅ ሜታዳታ ውስጥ አይገኝም፤ ከተጫኑት ፋይሎች ማውጣት ያስፈልጋል። እሱ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።